አንድ ባልዲ ክሬም ቀለም

የሥዕል ትምህርት ክፍል ኃላፊ ሁን ስባል ሞዴል 20 የሚባለውን የዕቃ መጠየቂያ ቅጽ ስሞላ እውላለሁ ብዬ አላሰብኩም ነበር። አሁን ቀኔ የሚያልቀው በፊርማና በማኅተም ነው። ስብሰባውንማ ተዉት።

አምና የዘይት ቀለም ጠየቅኩ። ጥፋቱ የራሴ ነው፤ ቅጹ ላይ «ቀለም» ብቻ ብዬ ጻፍኩ። ከወራት በኋላ ንብረት ክፍል ስጠራ በባልዲ የተደረደረ የግድግዳ ቀለም ጠበቀኝ። ክሬም! «መምህር፣ ቀለም ነው ያሉት፤ ይኸው ቀለም» አሉኝ የንብረት ክፍሏ እትዬ፣ ሞዴል 22ን፣ የዕቃ ወጪ ቅጹን፣ እያቀበሉኝ። ምን ልበል? ፈረምኩ።

ተማሪዎቼ ግን ሞኞች አይደሉም። ከሰኞ ገበያ አቡጀዲ ገዝተው ፍሬም ላይ ወጠሩ። ቀለሙን በውኃ አቅጥነው ሁለት ጊዜ ቀቡት። ሲደርቅ እንደ ከበሮ ነው፤ በጣት ሲመቱት ይጮኻል። መድረቁ ነው ችግሩ። ደሴ ነው፣ ሰኔ ነው። የጦሳ ተራራ ጉም በመስኮት እየገባ ሦስት ቀን አስጠበቀን። ሞቅ ያለው ኮምቦልቻ ቢሆን በአንድ ከሰዓት ባለቀ።

አንዷ ልጅ ከቡና ምድጃ በለቀመችው ከሰል እናቷን ሣለች። ነጠላውን ሳትነካ ተወችው፤ ክሬሙ ራሱ ነጠላ ሆነ። ቢሮዬ ሰቅዬዋለሁ፣ ከግዥ ፋይሎቹ በላይ።