አንድ ዓይነት ጠብ

እኔና ባለቤቴ የምንጣላው ሁሌም አንድ ዓይነት ጠብ ነው። መነሻው ብቻ ይለያያል። አንዴ ለእናቱ በላከው ብር ይጀመራል፣ አንዴ በልጅቷ የቤት ሥራ፣ አንዴ ደግሞ በሩን ማን ሳይቆልፍ ተኛ በሚል። ከዚያ በኋላ ያለውን ግን ጎረቤት ሳይቀር በቃሉ ያውቀዋል፦ እኔ እጠይቃለሁ፣ እሱ ዝም ይላል፣ እኔ ድምፄን ከፍ አድርጌ እደግመዋለሁ፣ እሱ ቴሌቪዥን ይከፍታል። በነጋታው ኩርፊያ። ኩርፊያችን ደግሞ ሥርዓት አለው። ምግብ ይቀርባል፣ «ብላ» አይባልም። «አባትሽን ቁልፉን የት እንዳደረገው ጠይቂልኝ» እላታለሁ ልጄን። አባቷ እዚያው ሶፋው ላይ ነው።

የሥነ ልቦና ባለሙያ ጋ መሄድ የጀመርነው እንዲህ ሰልችቶን ነው። ትልቅ ነገር አልተፈጠረም። እናቴ ስትሰማ ደነገጠች። «ማን ነው ያመመው?» አለችኝ። እሷ የምታስበው መድኃኒት የሚያዝ ሐኪም ነው። ያ ሳይካትሪስት ነው፣ የሕክምና ዶክተር ነው፤ የእኛዋ የምታክመው በንግግር ነው ብዬ ባስረዳት «ለወሬ ነው እንዴ ብር የምትከፍሉት?» አለች። ባሌ በሳቅ ሞተ፤ እሱም በሆዱ እንደዚያ ነበር የሚለው። በዚህ ከተማ «አማኑኤል» የሚለውን ስም ለስድብ እየተጠቀምን ስላደግን፣ ሆስፒታሉ ስንቱን ሰው እየረዳ፣ ስለ አእምሮ ስናወራ ዛሬም ድምፃችንን ዝቅ እናደርጋለን።

«ሽማግሌ እያለ?» ያሉኝም አሉ። ሽምግልናን አልንቅም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ እንኳ ፍርድ ቤት ፍቺ የጠየቁ ባልና ሚስትን ራሳቸው ወደመረጧቸው ሽማግሌዎች ሊመራቸው እንደሚችል ይላል። ግን ሽማግሌ ጥፋተኛውን ለይቶ ይቅር ያባብላል፤ ያጠፋ ይክሳል፣ ጉልበት ይሳማል፣ ያልቃል። የእኛን ጥፋተኛ ግን ማን ያገኘዋል? ደግሞ ሽማግሌዎቹ አጎቴና የእሱ አበልጅ ናቸው። አጎቴ ፊት ምን ብዬ ነው ገመናዬን የምዘረግፈው?

ባለሙያዋ የምትሠራበት ክፍል ስታዲየም አካባቢ ያለ አሮጌ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍቱ ብዙ ጊዜ አይሠራም። አራተኛ ፎቅ ስንደርስ ሁለታችንም እያለከለክን ስለሆነ ለመጣላትም ትንፋሽ የለንም። ሦስት ወንበር፣ አንድ ሶፍት፣ ለእሷ ብቻ በሚታያት በኩል የተሰቀለ ሰዓት። መጀመሪያ ቀን የምንናገረው ከክፍሉ እንደማይወጣ፣ የሰው ሕይወት አደጋ ላይ ከሆነ ግን ዝም እንደማትል ነገረችን። ከዚያ «እሺ» አለች።

እኔ ጀመርኩ። ለእናቱ ብር ይልካል፣ አይነግረኝም። «ስንት ይልካል?» ትላለች ብዬ ስጠብቅ «መላኩን ስታውቂ ውስጥሽ ምን ይላል?» አለችኝ።

«ይናደዳላ!»

«ከንዴቱ በፊትስ?»

ከንዴት በፊት ደግሞ ምን አለ? ትንሽ ቆየሁና «እዚህ ቤት እንግዳ ነኝ ይለኛል» አልኩ። ባሌ ቀና ብሎ አየኝ። ቀጥላ እሱን ጠየቀችው። ዝም። እንደልማዴ ልመልስለት አፌን ስከፍት እጇን አነሳች፤ «ይመልስ፣ ጊዜ አለን።» ከታች የታክሲ ረዳት «ሜክሲኮ፣ ሜክሲኮ» ይላል። በጣም ረጅም ዝምታ ነበር። በመጨረሻ «ስነግራት ፊቷ ይለወጣል» አለ። «ፊቷ ሲለወጥ ከእናትህና ከእኔ አንዳችንን ምረጥ የተባልኩ ይመስለኛል። ስለዚህ አልነግራትም።»

ስንት ዓመት አብሬው ኖሬ ይህን ሰምቼው አላውቅም። እኔ ዝምታውን ንቀት ነው ስል፣ እሱ ለካ ፈርቶ ነው።

ይህ እኛ ያመጣነው ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የሥነ ልቦና ባለሙያዎቹ ሱ ጆንሰንና ሌስሊ ግሪንበርግ በካናዳ ስሜት ላይ ያተኮረ የጥንዶች ሕክምና ሲቀርፁ ያዩት ይህንኑ ነው፦ አንዱ ሲከተል ሌላው ይሸሻል፣ ሌላው ሲሸሽ ያኛው ይብስበታል። ጠላታችሁ አዙሪቱ ነው እንጂ አንዳችሁ አይደላችሁም ይላሉ። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጆን ጎትማን ደግሞ ባልና ሚስት ሲከራከሩ የልባቸውን ምት እየለካ ሲያጠና፣ ዝም ብሎ ግድግዳ የሚሆነው ሰው ውስጡ ብዙ ጊዜ እየተናወጠ እንደሆነ አየ። የልብ ምት በደቂቃ ከ100 ሲያልፍ መስማትም ማሰብም ይከብዳል፤ ለመረጋጋት ቢያንስ 20 ደቂቃ ይፈልጋል። ከጥንዶች ጠብ 69 በመቶው ደግሞ መቼም የማይፈታ፣ አብረውት የሚኖሩት ጉዳይ ነው ይላል። ይህን ስሰማ ቀለል አለኝ። የእናቱም ብር በዚያ ውስጥ ሳይኖር አይቀርም።

አሁን ቤታችን ውስጥ «ሃያ ደቂቃ» የሚባል ነገር አለ። ባሌ ሲጨንቀው «ሃያ ደቂቃ» ይልና ወርዶ ኮንዶሚኒየሙን ይዞራል። የኛ ልደታ ለመዞር ይመቻል። ሁለት ግዴታ አለበት፦ እመለሳለሁ ብሎ መውጣት፣ መመለስም። መጀመሪያ ሰሞን እኔ ሃያ ደቂቃውን መልስ ሳዘጋጅ ነበር የማሳልፈው፤ ያ አይሠራም። ልጅቷ ሰሞኑን የቤት ሥራ ስትባል «ሃያ ደቂቃ» ማለት ጀምራለች።

ለብቻዬም እሄዳለሁ። እዚያ ስለ እሱ ብዙም አይወራ። አሜሪካዊው የሥነ አእምሮ ሐኪም አሮን ቤክ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ድብርት ያለባቸውን ሰዎች ሲያክም፣ ሳናውቀው ብልጭ የሚሉ ሐሳቦች ስሜታችንን እንደሚነዱት አስተውሎ የጀመረው ዘዴ አለ። ደብተር ይዤ እጽፋለሁ፦ ምን ተፈጠረ፣ ምን አሰብኩ፣ ምን ተሰማኝ፣ ማስረጃዬ ምንድን ነው። አንድ ቀን አለቃዬ ሰላም ሳይለኝ አለፈ። ያሰብኩት፦ ሊያባርረኝ ነው። ማስረጃ፦ የለም። ተቃራኒውን የሚያሳይ ማስረጃ፦ ጆሮው ላይ ኢርፎን ነበር፣ ስልክ እያወራ ነበር። ሲጻፍ ያስቃል፤ ሳይጻፍ ግን ቀኔን በልቶት ነበር። «ጥሩ ጥሩውን አስቢ» አይደለም ነገሩ። አንዳንዴ ያሰብኩት እውነት ሆኖ ይገኛል፣ ያኔ ምን ላድርግ ወደሚለው ይኬዳል።

ትልቅ ልጅ ሆኜ ነው ያደግኩት። በቤታችን ትልቅ ሴት ልጅ «አልችልም» አትልም። ዘንድሮ ለዘመድ ድግስ «የዶሮውን ወጥ ሌላ ሰው ይሥራው» አልኩ። አክስቴ ስልኩን ይዛ ዝም አለች። ከዚያ «ደህና ነሽ ግን?» አለችኝ። ደህና ነበርኩ። ሽንኩርቱን የአክስቴ ልጅ ከተፈው፣ ወንዱ።

አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። ዱላ ባለበት ቤት ጥንዶች አብረው ሄደው መቀመጥ መጀመሪያ የሚደረግ ነገር አይደለም። ሴትየዋ እዚያ የተናገረችው እቤት ስትገባ ሊያስመታት ይችላል። መጀመሪያ ደኅንነቷ፣ ለብቻዋ የሚሰማት ሰው። ባለሙያ ካልተስማማሽም መቀየር ነውር የለውም። እኔ ከዚህችኛዋ በፊት የሄድኩባት ስለ ራሷ ትዳር ስታወራ ሰዓቱ ያልቅ ነበር፤ እየከፈልኩ አዳማጭ ሆኜ ቀረሁ።

ሰሞኑን የምንከራከረው በዚሁ በቴራፒው ነው። እሱ «ተምረናል፣ በቃን፣ ለልጅቷ ትምህርት ቤት ክፍያ እናስቀምጠው» ይላል። እኔ አልበቃኝም። ትናንት ልጀምረው ስል «ሐሙስ እዚያው እንነጋገርበት» አለኝ፤ እሺ አልኩት።