ቀዮ የሚባለው መካኒክ

ሁለት ሳምንት ሙሉ ሌሊት እየነቃሁ የማስበው ስለ ቀዮ ነው። ቀዮ መካኒክ ነው። ደሴ፣ ሸዋ በር አካባቢ ይሠራል። ትንሽ ያነክሳል። ችግሩ፣ ቀዮ የሚባል ሰው የለም።

ነገሩ የጀመረው በግማሽ ሊትር የሞተር ዘይት ነው። መኪናዬ ቪትዟ የምትጠጣው ሦስት ሊትር ተኩል ገደማ ነው። የምገዛው ግን ባለ አራት ሊትሩን ነው። የተረፈችው ሁሌም ጋራዥ ትቀራለች። አንድ ቀን «የኔ ግማሽ ሊትርስ?» ብዬ ብጠይቅ፣ ልጁ ከላይ እስከ ታች አየኝና «ጋሼ፣ ሽሮ ልትሠራባት ነው?» አለኝ። ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ማታ ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም። በዚያ ላይ «3 ሰዓት ና» ብለውህ እስከ 9 ሰዓት አሮጌ ጎማ ላይ ያስቀምጡሃል። ከዛሬ ጀምሮ እቤቴ፣ በገዛ እጄ አልኩ።

እዚህ ላይ አንድ ብሶት አለኝ። ደሴ ላይ ለጥ ያለ መሬት የት ነው የሚገኘው? የኛ ሰፈር ልጆች ኳስ ካመለጣቸው ቦርከና ወንዝ ወርደው ነው የሚያመጡት። የሞተር ዘይት ደግሞ የሚለካው መኪናዋ ሜዳ ላይ ቆማ ነው። ዘንበል ካለች መለኪያው ያለውን የለም፣ የሌለውን አለ ይልሃል። ድንጋይ ሲያነጥፉልን አንዲት ቪትዝ የምታስቆም ሜዳ ቢተዉልን ምን ነበር? ብቻ ይሁን።

ቅዳሜ ጠዋት፣ ጦሳ ተራራ ገና ጉሙን ሳይገፍ፣ የፊት ጎማዎቹን ሁለት ወፍራም ጣውላ ላይ አወጣኋቸው። ከኋላ ጎማዎቹ ሥር ድንጋይ ደገፍኩ። ክሪክ አለኝ፤ ግን ክሪክ ብቻ አምኖ መኪና ሥር የሚተኛ ሰው ኑዛዜውን የጨረሰ መሆን አለበት። ዘይቱ ቀጥኖ እንዲወርድ ሞተሩን ትንሽ አሞቅሁት። ከጎረቤት የተዋስኳትን 14 ቁልፍ ይዤ ገባሁ። በጀርባህ ስትተኛ ግራና ቀኝ ይምታታብሃል። ለካ አሥር ደቂቃ ሙሉ ብሎኑን ሳጠብቀው ነበር።

ሲፈታ ግን! ጥቁር፣ ለብ ያለ ዘይት መጀመሪያ እጄን ተከትሎ ብብቴ ገባ። ከዚያ ሳፋው ላይ እንደ ክር ቀጥ ብሎ ወረደ። እስኪያልቅ ዝም ብዬ አየሁት። የአዲሱን ፊልትሮ ጎማ በጣቴ ዘይት ቀባሁት፣ በእጄ ብቻ አጠበቅሁት። ጎረቤታችን እትዬ የተቃጠለውን ዘይት «ለአጥሩ እንጨት፣ ለምስጥ» ብለው ቆርቆሮ ይዘው መጡ። «ማሻ አላህ! ባለሙያ ነህ ለካ!» አሉኝ። ያበላሸኝ ይኼ ነው።

ጋራዦች እንደሚያንጠለጥሉት ዓይነት ካርድ ሳይቀር አዘጋጀሁ። ቀኑን ጻፍኩ፣ ኪሎ ሜትሩን ጻፍኩ፣ 5,000 ደምሬ የሚቀጥለውን ጻፍኩ። ከታች «ቀያሪ፦ ራሴ» አልኩ። የተረፈችውን ግማሽ ሊትር እንደ ጠበል አጥብቄ ዘግቼ ኋላ አስቀመጥኳት።

ከዚያ ሸሚዝ ቀይሬ፣ ያንኑ ጃኬቴን ደርቤ፣ ከባለቤቴ ጋር ኮምቦልቻ እህቷ ቤት ለምሳ ወረድን። የሐረጎን ቁልቁለት እንደጀመርን የሚቃጠል ነገር ሸተተን።

«የሲኖትራክ ፍሬን ነው» አልኩ።

«የቱ ሲኖትራክ?» አለች። እውነትም ከፊታችን አንድ አህያ ብቻ ነበር።

ኮምቦልቻ ስንገባ ከኮፈኑ ሥር ጭስ ይወጣል። መንገድ ዳር ያገኘነው ጋራዥ ገባን። ሸበቶው መካኒክ ኮፈኑን ከፍቶ ዝም አለ። ሞተሩ ዘይት በዘይት ሆኗል። የዘይት መሙያው አፍ ክፍት ነው። ክዳን የለም።

«ማነው የሠራልህ?» አለኝ።

እንግዲህ እዚህ ጋ «እኔ ነኝ» ማለት ሁለት ቃል ነው። እኔ ግን «ደሴ አንድ ልጅ አለ» አልኩ። ባለቤቴ ቀስ ብላ ዞራ አየችኝ።

«ምን የሚሉት ልጅ?»

«ቀዮ ነው የሚሉት። ሸዋ በር። ትንሽ ያነክሳል።» ለምን አንካሳ እንዳደረግኩት አላውቅም። ምርቃና ላይ እንደነበር ጨመርኩ። ልጆች እንዳሉትና አንጀቴን ስለሚበላኝ ሥራ እንደምሰጠው ጨመርኩ። አፌ እንደ ሐረጎ ቁልቁለት ነው፣ ፍሬን አይዝለትም።

መካኒኩ ጨርቁን መሬት ላይ ወረወረው። «ቀዮ? የሚያነክሰው? ወላሂ አውቀዋለሁ! እኔ ጋ ሠርቶ ያባረርኩት እኮ ነው!»

ጎማ የሚነፋው ሰውዬ ከወዲያ «ብሬን የበላኝ ቀዮ?» ብሎ መጣ። ስልኩን ስጠን አሉኝ። ጠፍቶብኛል አልኩ። ከአንገት በላይ ሳይሆን ከልቤ ተናደድኩበት። «ክዳኗን እኮ ሸጧት ነው!» ብዬ ጮህኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ሰው አምቼ አላውቅም።

ትንሹ ረዳት ከአሮጌ ዕቃ መሀል አንድ ክዳን ፈልጎ ገጠመልኝ። የጎደለውን ዘይት ሞላ። በምን? በዚያች ግማሽ ሊትር። ጠብታ አልተረፈችም።

«ስንት ነው ጋሼ?» ብዬ እጄን ጃኬት ኪሴ ከተትኩ። ብሩን ሳወጣ አንድ ነገር አብሮ ወጣ። መሬት ላይ ወደቀ። ተንከባለለና የልጁ ጫማ ሥር ቆመ።

አቧራ እንዳይነካት ብዬ ነበር ኪሴ የከተትኳት።

ልጁ አነሳት። ሞተሩን አየ፣ ክዳኗን አየ፣ እግሬን አየ። አነክስ እንደሆነ እያጣራ ነው መሰለኝ። ሸበቶው ትከሻዬን መታ አድርጎ «አብሽር» አለኝ። ብሩን የበላውን ቀዮ የሚፈልገው ሰውዬ ግን እስከ መኪናው በር ተከተለኝ።

ባለቤቴ እህቷ ቤት አንድ ቃል አልተነፈሰችም። አመሰገንኳት። ትናንት ጠዋት መኪና ውስጥ ስገባ ካርዱን አየሁት። «ራሴ» የሚለው በቀይ እስክሪብቶ ተሰርዟል። ከጎኑ በሚያምር የእጅ ጽሑፏ «ቀዮ» ይላል።