ሁለት ሲሊንደር የተቆረጠበት ቴስታታ

ባለፈው እሁድ ጠዋት እዚህ ሽቱትጋርት ዳር ያለች ማደያ ጋ ቀይ ቢኤምደብሊው ኤም3 ቆማ አየሁ። የዘንድሮዋን አይደለም የምላችሁ። የመጀመሪያዋን፣ የሰማንያዎቹን፣ ኢ30 የሚሏትን። ባለቤቱ ስድሳውን ያለፈ ሰውዬ ነው፣ የፊት መስታወቷን በጨርቅ እየወለወለ። ፎቶ ላንሳ ወይ ስለው "አንሳ፣ እኔን ብቻ አታስገባኝ" አለኝ። አራት አነሳሁና ለአጎቴ ላክሁላቸው።

ጋሼ ቄራ አካባቢ ጋራዥ ነበራቸው። አርባ ዓመት ግሪስ ከእጃቸው አልለቀቀም። መኪና የተማርኩት እሳቸው ጋ ቁልፍ እያቀበልኩ ነው፤ አሥራ ሦስት ቁጥር ሲሉኝ አሥራ ሁለት ሰጥቼ የሰማሁት ስድብ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ደወሉ።

"ይሄ የድሮው ቢኤም አይደለም እንዴ? ምኑ ነው ይሄን ያህል ያስደነቀህ?"

"ጋሼ፣ ኮፈኑ፣ ጣራውና በሮቹ ናቸው የድሮው። ሌላው ላሜራ በሙሉ ሌላ ነው።"

"ለምን ቀየሩት?"

ስልክ ላይ ተንተባተብኩ። በአምስት ደቂቃ የሚያልቅ ወሬ አይደለም። ስለዚህ እዚህ እየጻፍኩት ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።)

ነገሩ የሚጀምረው ከደንብ ነው። በ1982 ግሩፕ ኤ የሚባል የውድድር ደንብ ሥራ ላይ ዋለ። ሐሳቡ ቀላል ነው። ማንም ሰው ሊገዛው የሚችለውን መኪና ይዘህ ና፣ እንወዳደር። ማረጋገጫው ደግሞ ቁጥር ነው፤ በአሥራ ሁለት ተከታታይ ወራት 5,000 መኪና ካላመረትክ ውድድሩ ውስጥ የለህበትም። ይሄ ፈቃድ ሆሞሎጌሽን ይባላል። ፈቃዱን ካገኘህ በኋላ ካምሻፍቱን፣ ፒስቶኑን፣ ጭስ ማውጫውን፣ ሞላውን መነካካት ትችላለህ። ሞኖብሎኩ (ሲሊንደሮቹ ያሉበት የሞተሩ አካል)፣ ቴስታታው (ከላዩ የሚታሰረው፣ ቫልቮቹ ያሉበት ክዳን)፣ የውጭ ላሜራው፣ ነፋስ መኪናውን ወደ መሬት እንዲጫን የሚያደርገው ክንፍ ግን ለሕዝብ እንደተሸጠው ነው ትራክ ላይ የሚወጣው። ለሕዝብ ያልሸጥከውን ቅርጽ ለውድድር ብቻ ልትገጥም አትችልም።

ፋብሪካዎቹ ይሄን ደንብ አንብበው ገለበጡት። ለሰው የሠራነውን መኪና ለውድድር እናስተካክል ማለቱን ተዉትና፣ ለውድድር የምንፈልገውን መኪና ሠርተን ለሰው እንሽጠው አሉ። እኔ እነዚህን መኪናዎች የምወዳቸው በዚህ ነው። ታርጋ ለጥፈው መንገድ ላይ የሚሄዱ የውድድር ፈቃዶች ናቸው።

ቀድማ የመጣችው መርሴዲስ ነበረች። በ1983 190ኢ 2.3-16 የምትባለውን አወጡ፤ ቴስታታዋን እንግሊዝ ያለው የውድድር ሞተር ሠሪ ኮስዎርዝ ነው የሠራው። በሚቀጥለው ዓመት ግንቦት ላይ አዲሱ የኑርቡርግሪንግ ትራክ ሲመረቅ የፎርሙላ ዋን ነጂዎችን ሰብስበው አንድ ዓይነት 190ዎች ሰጧቸውና አሽቀዳደሟቸው። ገና ስሙ ያልገነነ አይርተን ሴና የሚባል ልጅ የዓለም ሻምፒዮን የነበሩትን እነ ኒኪ ላውዳን አስከትሎ አሸነፈ። ከዚህ የተሻለ ማስታወቂያ በገንዘብ አይገዛም። ሙኒክ ላይ ያሉት የቢኤምደብሊው ሰዎች ይሄን እያዩ ዝም ሊሉ አይችሉም። (በነገራችን ላይ እዚህ የመርሴዲስ ከተማ ውስጥ ሆኖ ቢኤምደብሊው ማድነቅ ጣጣ አለው። የጊዮርጊስ ደጋፊዎች መሃል የቡና ማሊያ ለብሶ እንደ መቀመጥ ነው።)

የቢኤምደብሊው አለቃ በጊዜው ኤበርሃርድ ፎን ኩንሃይም ነበር። የሞተሩ ሰው ደግሞ ፓውል ሮሸ። ጓደኞቹ ኖከን ፓውሌ ይሉት ነበር፤ ኖከን በጀርመንኛ የካምሻፍት (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) ጉብታ ነው፣ ካምሻፍት ላይ ተአምር ስለሚሠራ። በ1983 ኔልሰን ፒኬ የፎርሙላ ዋን ሻምፒዮን የሆነበት ቱርቦ ሞተር የሱ እጅ ሥራ ነው። ሮሸ በኋላ ሲያወራው፣ አለቃው ክፍሉን ሊጎበኝ መጥቶ ሲወጣ እግረ መንገዱን "ለትንሿ መኪናችን ጠንከር ያለ ሞተር እንፈልጋለን" ዓይነት ነገር ጣል አድርጎ ሄደ። ስብሰባ የለ፣ ጥናት የለ።

ከባዶ ለመንደፍ ጊዜ አልነበረም። ሮሸ ሞኖብሎኩን ኤም10 ከሚባለው ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር ወሰደ። ይሄ ከስድሳዎቹ ጀምሮ ተራ ሰው ሥራ የሚሄድበት ብረት ነው፤ የፒኬ የፎርሙላ ዋን ሞተርም የቆመው በሱው ላይ ነበር። ቴስታታው ግን ለእያንዳንዱ ሲሊንደር አራት ቫልቭ ያለው መሆን አለበት። መጋዘን ውስጥ ያለው ደግሞ ኤም1 ከምትባለው ስፖርት መኪናቸው የመጣ የባለ ስድስት ሲሊንደር ቴስታታ ነው። እዚህ ላይ ዕድል ረዳቸው፤ በሁለቱ ሞተሮች ላይ ከሲሊንደር ሲሊንደር ያለው ርቀት አንድ ዓይነት ነው። ስለዚህ ምን አደረጉ? ከስድስቱ ሁለቱን ቆርጠው ጣሉ። የተቆረጠውን ጫፍ በብረት ደፈኑና አራት ሲሊንደሩ ላይ አሰሩት። በሁለት ሳምንት ሞተሩ ተነሳ።

ይሄን ለጋሼ ስነግራቸው መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር።

"ቆርጠው? ቴስታታ?"

"አዎ ጋሼ።"

"እኛ ብናደርገው ኖሮ አበላሽ ነበር የምንባለው።"

ለሽያጭ የወጣው እርግጥ በሥርዓቱ የተሠራ ነው። መጠኑ 2.3 ሊትር፣ ጉልበቱ 200 ፈረስ። ዛሬ ልጆች ትምህርት ቤት የምታደርስ መኪና ይሄን ታወጣለች፤ ያኔ ግን ያለ ቱርቦ ከአራት ሲሊንደር 200 ማውጣት ቀልድ አልነበረም። ለምን ባለ ስድስቱን እንዳለ አላስገቡትም ያላችሁ እንደሆነ፣ ረጅም ሞተር ረጅም ክራንክሻፍት (ፒስቶኖቹ የሚያዞሩት ዘንግ) አለው፣ ረጅም ክራንክሻፍት ደግሞ በከፍተኛ ዙር ይጠማዘዛል። አጭሩን በደንብ ማስጮህ ይቻላል። አፍንጫዋም ይቀልላል፣ ኩርባ ላይ ወዲያው ትታጠፋለች። ውድድር ላይ ይሄው ሞተር ወደ 300 ፈረስ አወጣ።

አሁን ወደ ላሜራው። ጋሼ "ለምን ቀየሩት" ያሉት እዚህ ላይ ነው። ደንቡ ጎማው ፓራፋንጎው ሥር እንዲሸፈን ያዛል፤ ለውድድር ሰፊ ጎማ ከፈለግህ መንገድ ላይ ለምትሸጣት መኪናም ሰፊ ፓራፋንጎ ልትሠራላት ነው። እነዚያ አራት ማዕዘን የሚመስሉ ያበጡ ትከሻዎቿ ከዚህ ነው የመጡት እንጂ ለማማር አይደለም። የቸርኬው ብሎን ከአራት ወደ አምስት አደገ። የኋላ ኮፈኗ ከተራዋ ኢ30 4 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይላል። ይሄ ሁሉ እሺ፣ እኔን የሚገርመኝ ግን የኋላ መስታወቷ ነው። ከተራዋ ይልቅ ጋደም ያለ ነው። ለምን? በጣራው ላይ የሚያልፈው ነፋስ ሳይበታተን ወርዶ ክንፉን እንዲያገኘው። መስታወት ለማጋደም የኋላውን ምሰሶ መቀየር አለብህ፣ ምሰሶ ለመቀየር የፋብሪካውን የላሜራ ማተሚያ መቀየር አለብህ፣ እና ይሄን ሁሉ ያወጡት ትራክ ላይ ክንፉ እንዲሠራ ብለው ነው። ቅዳሜ ገበያ የሚሄደው ጀርመናዊ የመስታወቱን ዲግሪ ምን ሊያደርገው?

ማርሹም እንደዚያው። አውሮፓ ውስጥ በተሸጡት ላይ አንደኛ ማርሽ ያለው ግራና ወደ ታች ነው፣ እኛ ሁለተኛ በምናውቅበት ቦታ። ውድድር ላይ አንደኛ ማርሽ ለመነሳት ብቻ ነው የሚያስፈልገው፤ ከሁለተኛ ሦስተኛ ግን መቶ ጊዜ ትመላለሳለህ፣ ስለዚህ እነሱን በአንድ ቀጥታ መስመር አስቀመጧቸው። ከተማ ውስጥ ግን በየመብራቱ አንደኛና ሁለተኛ ነው ሥራህ። የማደያው ሰውዬ "ሠላሳ ዓመት ነዳኋት፣ አሁንም አንዳንዴ ትራፊክ መብራት ላይ በሦስተኛ ልነሳ እሞክራለሁ" ብሎ ሳቀ።

ማምረት በ1986 ተጀመረ፣ በ1987 ትራክ ላይ ወጣች። አጀማመሯ ደግሞ አሳፋሪ ነበር። የዓለም የቱሪንግ መኪና ሻምፒዮና የመጀመሪያ ውድድር ሞንዛ ላይ ተደረገ፣ ኤም3ዎች ከአንድ እስከ ስድስት ተሰልፈው ገቡ፣ ሁሉም ተሰረዙ። ላሜራቸው ከተፈቀደው ቀለል ብሎ ተገኘ። ድሉ ከአውስትራሊያ ለመጡ ሁለት ነጂዎችና ለሆልደን መኪናቸው ሄደ። ለጋሼ ይሄን ስነግራቸው ከቴስታታው የበለጠ ሳቁ። የሆነው ሆኖ በዓመቱ መጨረሻ የነጂዎቹን ዋንጫ ሮቤርቶ ራቫልያ በኤም3 ወሰደ። በጀርመን ሻምፒዮና ደግሞ ኤሪክ ቫን ደ ፑለ አንድም ውድድር ሳያሸንፍ ሻምፒዮን ሆነ። በየሳምንቱ ሁለተኛ ሦስተኛ እየገባ፣ ነጥብ እያጠራቀመ። እንደ ዕቁብ ማለት ነው።

ደንቡ ሌላ ቀዳዳም ነበረው። 5,000ውን ከጨረስክ በኋላ 500 ተጨማሪ መኪና ሠርተህ የተሻሻለ ሞዴል ማስመዝገብ ትችላለህ። እብደቱ የጀመረው እዚህ ነው። ቢኤምደብሊው በ1988 በ220 ፈረስ 500 ሠራ፤ በ1990 ሞተሩን ወደ 2.5 ሊትር አሳድጎ 238 ፈረስ ያላቸውን 600 ሠራ። በመጨረሻዋ ላይ የጉም መብራቶቹ ቦታ የፍሬን ማቀዝቀዣ ቀዳዳ ሆነ፣ የፊትና የኋላ ክንፏንም በእጅ እየፈታህ ታስተካክላለህ። መርሴዲስ በበኩሉ በ1990 ኢቮሉሽን ሁለት የሚባለውን ሞዴል 502 መኪና ሠራ፣ ልብስ ልታሰጣበት የምትችል ክንፍ ለጥፎበት፣ ዋጋው ከ115,000 የጀርመን ማርክ በላይ። በዚያ ክንፍ ብዙ ተሳቀ። ክላውስ ሉድቪግ በ1992 የጀርመን ሻምፒዮን ሲሆን ግን ሳቁ ቀረ።

ከሁሉም ግን እኔን የምታስቀኝ ፎርድ ናት። በ1987 ሲየራ አርኤስ500 የምትባለውን 500 ብቻ ሠሩ። ባለ ሁለት ሊትር ቱርቦ ሞተር ነው፣ መንገድ ላይ 224 ፈረስ። ኮፈኑን ስትከፍት ስምንት ኢንጀክተር፣ ማለትም ነዳጅ መርጫ፣ ታያለህ። አራት ሲሊንደር፣ ስምንት ኢንጀክተር። አራቱ ግን አይሠሩም! ከምንም ጋር አልተገናኙም፣ ቁጭ ብለዋል። ውድድር ላይ ሲገናኙና ትልቁ ቱርቦ ሲነፋ ያው ሞተር ከ500 ፈረስ በላይ ያወጣል። ገዢው ለአራት የማይረጩ ኢንጀክተሮች ገንዘቡን ከፈለ፣ እነሱን ተሸክሞ ቢሮው ሄደ ተመለሰ፣ በዚያ ምክንያት አንድ ሌላ ሰው ትራክ ላይ ስምንቱንም እያስረጨ አለፈው። እኔ ይሄን ማጭበርበር አልለውም። ደንቡ መኪናው ላይ ይኑር አለ፤ አለ። ይሥራ አላለም።

አንዳንድ ሰው ደንቡ ገንዘብ ፈጀ፣ መጨረሻው አላማረም ይላል። እውነት ነው፤ ጀርመን ውስጥ ከ1992 በኋላ ደንቡ ተቀይሮ ከውጭ ብቻ ሰው የሚገዛውን የሚመስል መኪና መጣ፣ እኔም እሱን ማየት ያኔውኑ ሰለቸኝ። የዛሬዎቹ ፈጣን መኪናዎች ከኢ30 ሁለትና ሦስት እጥፍ ጉልበት አላቸው፣ ግን ክንፋቸው ለምን እዚያ እንዳለ ሻጩን ብትጠይቀው ያምራል ነው የሚልህ። የኤም3ን እያንዳንዱን ነገር ብትጠይቅ መልስ አለው። አንዳንዱ መልስ ለነጂው አይመችም፣ ግን መልስ ነው። ደግሞ የሚገርመው፣ 5,000 ሸጠው ሊገላገሉ ያሰቧትን መኪና ሰው እየወደዳት ሄዶ ወደ 18,000 ሸጡ።

ለጋሼ በስልክ ያልጨረስኩትን በድምፅ መልእክት ቆራርጬ ላክሁላቸው፣ አሥራ አንድ መልእክት ሆነ። እስከ ማታ መልስ የለም። ተኝተዋል ብዬ ተውኩት። ጠዋት ስነሳ አንድ ጽሑፍ ገብቶ አገኘሁ፦

"ሁለቷን ሲሊንደር እንዲያው ጣሏት? እኔ ብሆን ለጄኔሬተር አደርጋት ነበር።"