ጋሼና የባትሪው እርሳስ

ዛሬ የመኪና ባትሪ የሚያድሰው አጎቴ የደም ምርመራ ውጤቱን አሳየኝ። መጥፎው ኮሌስትሮል ከፍ ብሏል። «ፆም የማልገድፍ ሰው፣ ቅባቱ ከየት መጣ?» አለኝ።

ጋሼ፣ ምግብ ብቻ እኮ አይደለም! ባትሪው ውስጥ ያለው እርሳስ የሚባለው ብረት ሲቀልጥ በጭሱ፣ ሲፈረካከስ በብናኙ ሰውነት ውስጥ ይገባል፤ አጥንት ውስጥ ለአሥርት ዓመታት ይቀመጣል። በባትሪ ሠራተኞች ላይ የተደረጉ አንዳንድ ጥናቶች ከኮሌስትሮል መጨመር ጋር አያይዘውታል። እርሳስ የደም ግፊትን እንደሚጨምር ደግሞ በደንብ ይታወቃል። የዓለም ጤና ድርጅት «ይህን ያህሉ አይጎዳም» የሚባል መጠን የለም ይላል።

አንጀቴን የበላኝ ጥፍሩ ሥር ያለው ግራጫ ብናኝ ነው። በዚያው እጅ እንጀራ ይቆርሳል፤ በዚያው ቱታ ቤት ገብቶ ልጆቹን ያቅፋል።

ባትሪ ቤት የምትሠሩ፣ ሐኪም ስታዩ ሥራችሁን ንገሩት። ቱታውን እዚያው አውልቁ፤ ሳትበሉ በፊት እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፣ እባካችሁ።