ድንኳን ተሸክሞ ወደ ግላስተንበሪ

ግላስተንበሪ የሚባለው የእንግሊዝ የሙዚቃ ፌስቲቫል ሲነሳ ሰው ቶሎ የሚታየው መድረኩና ዘፋኙ ነው። እኔ ግን ከመሬቱ ልጀምር። ቦታው ስታዲየም አይደለም። ደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ፣ ሰመርሴት ውስጥ፣ ፒልተን የምትባል መንደር አጠገብ ያለ የወተት ላም እርባታ ነው። ወርዚ ፋርም ይባላል። ባለቤቱ ማይክል ኢቪስ እ.ኤ.አ. በ1970 የመጀመሪያውን ፌስቲቫል ሲያዘጋጅ መግቢያው 1 ፓውንድ ነበር፤ ለገባው ሰው ወተት በነፃ ይታደል ነበር። የመጣው ሰው 1,500 ገደማ ነው። እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ድንኳን ይዤ በሄድኩበት በ2019 ግን ሕዝቡ ወደ 200 ሺህ ተጠግቷል፤ ትኬቱም 248 ፓውንድ ገብቷል። ላሞቹ ዛሬም አሉ። እንግዳው ሲሄድ ወደ ግጦሻቸው ይመለሳሉ።

ከጓደኛዬ ጋር ከለንደን ፓዲንግተን ባቡር ይዘን ካስል ኬሪ ወረድን። ትኬት የያዘውን ከጣቢያው በነፃ የሚያደርስ አውቶቡስ አለ። ከባዱ ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ ነው። ድንኳኑም፣ ፍራሹም፣ ልብሱም በጀርባ ነው የሚገባው። አንድ ሰዓት ተሸክመውት የማይሄዱትን ዕቃ ቤት መተው ነው።

በሩ የሚከፈተው ረቡዕ ጠዋት ነው፤ ትልልቆቹ መድረኮች የሚሞቁት ግን ዓርብ። ታዲያ ረቡዕ ምን ያስሮጣል? ቦታ ነዋ! ዝቅ ያለው መሬት ዝናብ ከመጣ ውሃ ያቁራል። መንገድ ዳር የተኛ ሌሊቱን ሙሉ የሰው እግር ሲሰማ ያድራል። እኛ ተዳፋቱ ላይ፣ ከፍ ያለ ቦታ አገኘን።

አጠገባችን ድንኳን ይተክሉ የነበሩት ባልና ሚስት የፌስቲቫሉ የቆዩ ደንበኞች ነበሩ። ሴትዮዋ ካስማዎቻችንን አየችና፣ «ስንት ናቸው?» አለችኝ። አልቆጠርኳቸውም ነበር። «ቁጠሪያቸው» አለች። «ሰኞ ስትነቅዪ አንዷም እንዳትጎድል። ሣር ውስጥ የቀረች ብረት ላም ልትበላት ትችላለች።» ቆጠርኩ። 12 ነበሩ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ሜዳውን ያየሁት የሰው ቤት እንደገባ እንግዳ ነው።

የዚያ ዓመት ችግር ጭቃ ሳይሆን ሙቀት ነበር። በጁን ማለቂያ ፀሐይዋ ንጋት 11 ሰዓት ገደማ ትወጣለች፤ ብዙም ሳይቆይ ድንኳኑ እንደ ምድጃ ይግላል። ሌሊት 9 ሰዓት የተኛ ሰው ጠዋት 1 ሰዓት ሳይሞላ ላብ በላብ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ የጎደለውን እንቅልፍ ቀን፣ ዛፍ ጥላ ሥር ነው የምንከፍለው። የጆሮ መድፈኛና የዓይን መሸፈኛ የቅንጦት ዕቃ አይደሉም። ግንባር ላይ የሚታሰር ባትሪም እንዲሁ፤ በጨለማ ያን ሁሉ የድንኳን ገመድ ተሻግሮ ቤት መግባት ቀላል አይደለም።

በዚያው ዓመት በፕላስቲክ ጠርሙስ የታሸገ መጠጥ መሸጥ ቆሞ ነበር። ሁሉም ኮዳውን ይዞ ቧንቧ ጋ ይሰለፋል። እኔ ሰልፉን ወድጄዋለሁ። ማታ ማን ጥሩ እንደሠራ፣ ዛሬ የትኛው መድረክ ጋ መሄድ እንደሚሻል የሚወራው እዚያ ነው። መጸዳጃውም እንደሚፈራው አይደለም። ብዙዎቹ ብስባሽ የሚዘጋጅባቸው ናቸው፤ ተጠቅሞ ሲያበቁ ሰጋቱራ መድፋት ነው። ሽታውን በደንብ ይይዘዋል።

ዓርብ ማታ ራፐሩ ስቶርምዚ ፒራሚድ በሚባለው ዋናው መድረክ ላይ ወጣ። የግድግዳ ሥዕል አርቲስቱ ባንክሲ ያዘጋጀለትን፣ የብሪታኒያ ባንዲራ ያለበትን የጩቤ መከላከያ ሰደርያ ለብሷል። ያኔ ገና 25 ዓመቱ ነበር። በግላስተንበሪ በብቸኝነት ዋናውን ምሽት የያዘ የመጀመሪያው ጥቁር እንግሊዛዊ አርቲስት እሱ ነው። አጠገቤ አንድ አባት ልጁን ትከሻው ላይ አውጥቶ፣ ልጁ እያንዳንዱን ስንኝ በቃሉ ይወርደዋል፤ አባትየው መጨረሻ መጨረሻዋን ብቻ ያቀብላል። እንባዬ መጣ። ሙዚቃ እንዲህ ሆኖ ሲሰማ ቴሌቪዥን ላይ ካየሁት ሁሉ የተለየ ነው።

እሁድ ደግሞ በተፈጥሮ ዘጋቢ ፊልሞቻቸው የሚታወቁት የ93 ዓመቱ ሰር ዴቪድ አተንቦሮ እዚያው መድረክ ላይ ቆመው፣ ፌስቲቫሉ ፕላስቲክ በመቀነሱ ሕዝቡን አመሰገኑ። ጭብጨባው ለዘፋኝ ከሚሰጠው አያንስም። ኮዳውን ወደ ላይ የሚያነሳም አይቻለሁ።

ሰኞ ካስማዎቹን ስንነቅል 11 ሆኑ። ሴትዮዋ ምንም አላለችም፤ የራሷን ሥራ ትታ ሣሩን በእጇ እየዳበሰች ትፈልግ ጀመር። ባሏም መጣ። የድንኳናችን ጥግ የነበረበት ቦታ፣ በጫማ ተረግጣ አፈር ውስጥ ገብታ ተገኘች።

በኋላ አዘጋጆቹ እንደተናገሩት በዚያ ዓመት ከድንኳኖቹ 99.3 በመቶው ከባለቤቶቻቸው ጋር ወደ ቤት ተመልሰዋል። ይህን ስሰማ በጣም ነው ደስ ያለኝ።

ለመሄድ ያሰበ ሰው ትኬት ሽያጭ ከመጀመሩ በፊት ፎቶውን ልኮ መመዝገብ አለበት። ትኬቱ ላይ ፎቶ ስላለ ለሌላ ሰው አይተላለፍም። ዓመቱንም ማየት ነው፤ በ2018 ፌስቲቫል አልነበረም፣ ለ2026ም አልተያዘም። መሬቱ እንዲያርፍ ነው።