ግቢ ከመምረጣችን በፊት ብርዱን ቀመስነው

ወንድሜ ያኔ አስራ ሁለተኛ ክፍል ነበር። ጥር ላይ የመንፈቀ ዓመቱ ፈተና እንዳለቀ ከድሬዳዋ አዲስ አበባ እኔ ጋ መጣ። የዩኒቨርሲቲ ምርጫውን በቃሉ ይዞታል። አንደኛ ደብረ ብርሃን። ለምን ስለው «አቦ ሙቀት ሰልችቶኛል! ትንሽ በረድ ያለበት ሀገር ልማር» አለኝ።

ድሬ ላደገ ልጅ ይሄ አይገርምም። ግንቦት ሲመጣ ፍራሻችንን በረንዳ አውጥተን ነፋስ ስንለምን ነው ያደግነው። ብርድ ለእኛ ሽርሽር ነው። እኔም በሱ ዕድሜ ጓደኞቼ የሞሉትን ሞላሁና ደጋ ደረሰኝ። አንድ ስስ ብርድ ልብስና ሁለት ሹራብ ይዤ ሄድኩ። በመጀመሪያው ሴሚስተር የጠዋት 2 ሰዓት ክፍል ስንቴ እንዳመለጠኝ አልቆጥረውም። እግሬ ሳይሞቅ ሌሊቱ ይነጋል፤ ገና እንቅልፍ ሸለብ ሲያደርገኝ ክፍል ተጀምሯል። ውጤት የተለጠፈ ቀን ያለቀስኩት ለቅሶ እስካሁን አልወጣልኝም። እኔ ደግሞ ጤነኛ ነኝ። ወንድሜ አስም አለበት።

አልተከራከርኩትም። «ና ሄደን እንየው» አልኩት።

ከሰዓት ከላምበረት መናኸሪያ ተሳፈርን። መንገዱ 130 ኪሎ ሜትር ነው። ሰንዳፋን አልፈን ሸኖ ስንደርስ መስኮቱን ራሱ ዘጋው። ጫጫ ላይ ጃኬቱን እስከ አንገቱ ቆለፈ። ደብረ ብርሃን 2,840 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ። አንድ ሺህ ሜትር ሽቅብ በወጣህ ቁጥር ሙቀቱ 6 ዲግሪ ያህል ይወርዳል። ስለዚህ በሁለቱ ከተሞች መካከል ወደ 10 ዲግሪ የሚጠጋ ልዩነት አለ ማለት ነው። መንገድ ላይ ይሄን ሳሰላለት «ታዲያ ጥሩ አይደል?» አለኝ።

በማግስቱ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ቀስቅሼው ወጣን። ሆን ብዬ ነው። የትኛውንም ከተማ በቀትር ብታየው ደግ ነው።

ከመንገዱ ዳር ያለው ሣር ነጭ ነበር። ወንድሜ ጎንበስ ብሎ አየው። ጨው የተነሰነሰበት ነው የመሰለው። አንዱን ሰበዝ ነቅሎ በጣቶቹ መሐል ሲይዘው ነጩ ቀለጠና ውሃ ሆነ። ጣቱን ቶሎ ብብቱ ውስጥ ከተተ። ውርጭ በስም እንጂ በዓይኑ አይቶ አያውቅም።

እዚያው አጠገብ አንድ አዛውንት የጥበቃ ሠራተኛ በጋቢያቸው ተጠቅልለው እሳት ይሞቃሉ። ቀረብ ብለን ሰላም አልናቸው።

«አባባ፣ ሁልጊዜ እንዲህ ነው?»

«ዛሬማ ደህና ነው የኔ ልጅ። ኅዳርና ታኅሣሥን አላያችሁ!»

«ክረምትስ?»

«የክረምቱ ሌሊት ይሻላል። ደመና አለዋ።»

እውነታቸውን ነው። ደመና የምድር ብርድ ልብስ ነው። በጋ ላይ ሰማዩ ጥርት ሲል መሬቱ ቀን የሞቀውን ሌሊት አንድም ሳያስቀር ወደ ላይ ይለቀዋል፤ ከዚያ ውርጭ ይወርዳል። ብዙዎቻችን ደጋ ሲባል የምንፈራው ሐምሌና ነሐሴን ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ግን ተማሪው አብዛኛውን ጊዜ እቤቱ ነው። ትምህርቱ የሚሞቀው፣ ሚዱም ፋይናሉም የሚመጣው ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ ነው። ውርጩም የዚያው ጊዜ እንግዳ ነው። ይሄን በእኔ ጊዜ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ትንሽ ዳገት እንደወጣን ወንድሜ ማሳል ጀመረ። መጀመሪያ ዝም አልኩ። ቆመ። እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ትንፋሹን ፈለገ። ቬንቶሊኑን አውጥቶ ሁለት ጊዜ ሳበ። ቀዝቃዛና ደረቅ አየር የአስም ሰው የትንፋሽ ቧንቧ ላይ ምን እንደሚያደርግ ሐኪሙ ደጋግሞ ነግሮናል፤ ከፍታው ደግሞ ተጨምሮበታል። ጀርባውን እያሻሸሁ ቆምን። ደረቱ ሲያፏጭ ይሰማኛል። ያን ድምፅ በልጅነቱ ብዙ ሌሊት ሰምቼዋለሁ፤ ሆዴ ነው የሚላወሰው።

ከአንድ ሻይ ቤት ገብተን ተቀመጥን። ሻይ እንኳ እዚያ ከፍታ ላይ ከ100 ዲግሪ በታች፣ 90 ገደማ ላይ ይፈላል። ብርጭቆውን በሁለት እጁ አቅፎ ይዞ ቀስ በቀስ ተረጋጋ። አጠገባችን የነበረ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ጨዋታ ጀመረን። ከአርባ ምንጭ ነው የመጣው።

«ፍሬሽ እያለሁ ከንፈሬ ተሰነጣጥቆ መሳቅ አቅቶኝ ነበር» አለ። «ቫዝሊን፣ ካልሲ፣ ወፍራም ብርድ ልብስ። ማታ ጋቢ ለብሰን ነው ላይብረሪ የምንገባው። አሁን ግን ለምጄዋለሁ። ወባ የለም። ለመቸከልም አሪፍ ነው፣ እንቅልፍ አይጥልህም። አሁን ቤተሰብ ጋ ስሄድ ሙቀቱን ነው የማልችለው።»

ልጁ ከልቡ ነው የሚያወራው። ለእሱ ሀገሩ ተስማምቶታል፣ ደስ አለኝም። ከቀኑ 6 ሰዓት ሲሆን ደግሞ ሌላ ከተማ የገባን መሰለን። ፀሐይዋ ቆዳ ታቃጥላለች፣ ጃኬት በእጅ ይያዛል። ጠዋትና ቀትር በአንድ ቀን ውስጥ ሁለት ወቅት ናቸው። ደብረ ብርሃን የብርድ ልብስ ፋብሪካ ያላት ከተማ ናት፤ የመንዝ ሰው ደግሞ ከበግ ፀጉር ዝተትና ባና ይሠራል። ብርዱን እንዴት እንደሚኖርበት ሀገሬው ድሮ ጨርሶ ያወቀው ነው። ከሌላ ቦታ የሚሄድ ተማሪ ግን ይሄን እውቀት ቀድሞ መጠየቅ አለበት።

በሳምንቱ ጅማ ሄድን። 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ወሊሶን፣ ወልቂጤን አልፈን ወደ ጊቤ ስንወርድ ሙቀቱ ድሬን አስታወሰን፤ ከዚያ እንደገና ሽቅብ። ጅማ 1,780 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ወይና ደጋ። አየሩ ለስላሳ ነው። ዛፉ፣ አረንጓዴው፣ ሌሊቱ በአንድ ብርድ ልብስ የሚያስተኛ። ወንድሜ አንድም ቀን አላሳለም። «ይሄ ነው! በቃ አለቀ» አለ።

ቡና የምታፈላልን እናት ሳቀች። «ጥር ነው እኮ ልጄ! ግንቦት ናና እየው።»

ሁለተኛውን እስክትቀዳልን ድረስ አጫወተችን። ዝናቡ በመጋቢት ይጀምራል፣ እስከ መስከረምና ጥቅምት ይዘልቃል። ከሰዓት ላይ ዳመን ይላል፣ ከዚያ ይወርዳል። የታጠበ ልብስ ሁለትና ሦስት ቀን አይደርቅም። አልጋ ሥር የተቀመጠ ጫማ ይሻግታል። ጅማ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች፣ ከድሬ እጥፍ ይበልጣል። ያ ቡናና ያ አረንጓዴ ከሌላ ከየት ይመጣል? ሁለተኛው ሴሚስተር እንግዲህ በዝናብ ነው ማለት ነው። ከፍታው ከ2,000 ሜትር በታች ስለሆነ የወባም ነገር ቸል አይባልም፤ አጎበር ሻንጣ ውስጥ ይገባል።

ሻገታ ለአስም ጥሩ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ለወንድሜም ነገርኩት። እሱ ግን የጠዋቱን ዳገት አልረሳውም። ዝናብን በዣንጥላ እከላከላለሁ፣ ውርጭን ግን በምን እተነፍሰዋለሁ አለኝ። መልሱ ገባኝ።

የሚመድቡት ሌሎች ናቸው፤ ቅደም ተከተሉን የሚሞላው ግን ተማሪው ነው። እኔ በሱ ዕድሜ ያንን ቅደም ተከተል የሞላሁት በአምስት ደቂቃ ነው። የሐኪም ማስረጃውን አሁኑኑ እንዲያሰናዳ ነገርኩት፤ የጤና ጉዳይ ያለበት ልጅ ወረቀቱን ቀድሞ መያዝ አለበት።

ስንመለስ አውቶቡሱ ውስጥ ደብተሩን አወጣ። የዩኒቨርሲቲዎቹን ስም ወደ ታች ደረደረ፤ ከጎናቸው ከፍታቸውን ጻፈ፣ ከዚያ ወሮቹን። ደብረ ብርሃንን አልሰረዘም። አራተኛ ላይ አውርዶ «ጥቅምት–ጥር፣ ሐኪም ይጠየቅ» ብሎ ጽፎበታል። ጅማ አንደኛ ናት። ከጎኗ ደግሞ «ቦቲ ጫማ፣ ዣንጥላ፣ አጎበር፣ የልብስ ገመድ።»