ሁለት ለቅሶ በብሉምፎንቴን

ደቡብ አፍሪካ፣ ጆሃንስበርግ፣ ጄፒ በሚባለው የሐበሻ ገበያ ውስጥ ስትነግድ ነጭ ሁሉ አንድ ነው። ቦር ይሁን እንግሊዝ ማን ይጠይቃል? ወደ ፍሪስቴት ክፍለ ሀገር ስትወርድ ግን ነገሩ ይለያል። እዚህ ብሉምፎንቴን ሱቁን ያከራዩኝ ሽማግሌ ቦር ናቸው። እንደ አገሩ ወግ "ኦም" (አጎቴ እንደማለት) እላቸዋለሁ። ኪራይ ሊቀበሉ ሲመጡ ወሬው ከየትም ይነሳ፣ ማረፊያው እንግሊዝ ነው። አያታቸው በልጅነታቸው የእንግሊዝ ካምፕ ገብተው፣ ሁለት ወንድሞቻቸውን እዚያው ቀብረው ነው የወጡት። ኦም ሲያወሩት ያ የቦርና የእንግሊዝ ጦርነት አምና ያለቀ ይመስልሃል።

ነገሩ እንዲህ ነው (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)። ቦሮቹ አብዛኞቹ የደች ዘር ያላቸው ገበሬዎች ናቸው። እንግሊዝ በስተደቡብ ያለውን ኬፕን ሲይዝባቸው፣ በ1830ዎቹ ብዙዎቹ በበሬ ጋሪ ወደ ሰሜን ነቅለው ሄዱ። ትራንስቫልና ፍሪስቴት የሚባሉ ሁለት ሪፐብሊኮች አቆሙ። የሰፈሩበት መሬት ባለቤት እንደነበረው ኦም አይነግሩህም፤ እሱ ሌላ ወሬ ነው። በ1886 ዛሬ ጆሃንስበርግ ያለበት ቦታ ላይ ወርቅ ተገኘ። ከዚያ ወዲያ እንግሊዝ ዓይኑን ሊነቅል አልቻለም። በ1895 መጨረሻ ጄምሰን የሚባል፣ የኬፕ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበረው የሴሲል ሮድስ ሰው ታጣቂ አስከትሎ ትራንስቫል ገባ፤ በጥቂት ቀን ውስጥ ከነሰዎቹ ተማረከ። እኛ ዓድዋ ላይ ጣሊያንን የመታነው ከዚያ ሁለት ወር ቆይቶ ነው። ያ ዘመን ለቅኝ ገዢዎች ሁሉ ቀና አልነበረም።

ዋናው ጦርነት ኦክቶበር 1899 ተጀመረ። መጀመሪያ ላይ ቦሮቹ እንግሊዝን ቀጠቀጡት። ዲሴምበር ላይ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሦስት ቦታ አሸነፉት። በኋላ እንግሊዝ ከየቅኝ ግዛቱ ጦር እየጫነ መጣ፤ ጦርነቱ እስኪያልቅ ያሰለፈው ወታደር ወደ 450,000 ይደርሳል። በ1900 ብሉምፎንቴንንም ፕሪቶሪያንም ያዘ። ቦሮቹ ግን እጅ አልሰጡም፤ ሽምቅ ገቡ። እንግሊዝ ሸማቂውን ማግኘት ሲያቅተው ቤቱን ማቃጠል ጀመረ። ወደ 30,000 የሚሆን የእርሻ ቤት ነደደ። ሴቱንና ሕፃኑን እየሰበሰበ ድንኳን ውስጥ አጎረ። ኩፍኝና ታይፎይድ ገባ። ወደ 28,000 ቦሮች በካምፕ አለቁ፤ ከ22,000 በላይ ሕፃናት ነበሩ። ኤሚሊ ሆብሃውስ የምትባል እንግሊዛዊት ካምፖቹን ዞራ አይታ፣ አገሯ ተመልሳ የራሷን መንግሥት አጋለጠች። አመዷ እዚሁ ከተማ፣ በካምፕ ላለቁት ሴቶችና ሕፃናት በቆመው የሴቶቹ ሐውልት ሥር ነው ያረፈው። ኦም አንድ እሁድ ወስደው አሳይተውኛል። እዚያ ሲደርሱ ባርኔጣቸውን ያወልቃሉ።

ሁለተኛውን ለቅሶ የሰማሁት ብርድ ልብስ በዱቤ ከምሰጣቸው እናት ነው። ታባ ንቹ የምትባል የአቅራቢያ ከተማ ሰው፣ ጥቁር ናቸው። እኔ "ንኮኖ" (አያቴ እንደማለት) እላቸዋለሁ፤ እሳቸው እንደ ሎኬሽኑ (የጥቁሮቹ ሰፈር) ሰው ሁሉ "ማይ ፍሬንድ" ይሉኛል። ኢትዮጵያዊ መሆኔን ሲሰሙ ደስ አላቸው፤ ቤተ ክርስቲያናቸው በአገራችን ስም ነው የሚጠራው። በ1892 ፕሪቶሪያ ላይ ማንጌና ሞኮኔ የሚባሉ ቄስ ከነጮቹ ተለይተው "የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን" ካቋቋሙ ወዲህ ስማችን እዚህ አገር ክቡር ነው። ሱቃችን ሲዘረፍ ግን ያ ሁሉ ክብር የት እንደሚገባ እንጃ።

ንኮኖ የነገሩኝን ሐውልቱ ላይ አላገኘሁትም። እንግሊዝ ጥቁሮቹንም ከየእርሻው ነቅሎ ለብቻቸው ካምፕ አጉሯል። ወንዱ ለጦሩ ሲሠራ፣ የቀረው ቤተሰብ የሚበላውን ራሱ ያርስ ነበር። ከ14,000 በላይ ሞት ተመዝግቧል፤ አጥኚዎች ቁጥሩን ከ20,000 በላይ ያደርሱታል። ብዙው መቃብር ምልክት የለውም።

ሜይ 1902 ላይ ሁለቱ ነጮች ታረቁ። የእርቁ አንቀጽ ስምንት የጥቁሩን የመምረጥ መብት ለነገ አሳደረው፤ ቦሮቹ ራሳቸውን ማስተዳደር ከጀመሩ በኋላ ይታያል ተባለ። ነገ ሲመጣ 1910 ሆነ፤ አንድ ላይ መንግሥት መሠረቱ። ጥቁሮቹም በ1912 ጃንዋሪ እዚሁ ብሉምፎንቴን ተሰብስበው በኋላ ኤኤንሲ የተባለውን የማንዴላን ድርጅት አቋቋሙ። የመጀመሪያው ዋና ጸሐፊ ሶል ፕላትጄ በጦርነቱ ጊዜ ቦሮቹ በከበቧት ማፌኪንግ ከተማ የፍርድ ቤት አስተርጓሚ ነበር፤ የከበባውን ውሎ በማስታወሻው ይጽፍ ነበር። በጁን 1913 የመሬት ሕጉ ወጣ፤ ለጥቁሩ የተተወለት ከአገሩ መሬት ሰባት በመቶ ገደማ ነው። የሴቶቹ ሐውልት የተመረቀውም በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ ነው። ሁለት ሰው ተጣልቶ ሲታረቅ ካሳውን ሦስተኛው ሲከፍል ያየሁት እዚህ ነው።

ኦምን ስለ ጥቁሮቹ ካምፕ ጠየቅኳቸው። "እሱንም ያደረገው እንግሊዝ ነው" አሉኝ። እውነታቸውን ነው። የመሬቱ ሕግ ሲወጣ ግን ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሉዊስ ቦታ ነበር፤ ራሱ የቦር ጄኔራል። ይሄን ስላቸው ትንሽ አሰብ አደረጉና፣ "እሱማ በኋላ የእንግሊዝ ሰው ሆኖ ነበር" አሉኝ።